ሁለት መቶ ዐሥራ አራተኛው መልእክት

ሰው በሞተ ዕለት ኮምፒውተር አይነካም የሚል ተረት ቢኖረን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። ተረቶቻችን ስለ በሬና ስለ ጅብ ተናግረው ሳይጨርሱ ኮምፒውተር መጣብን። ስለዚህ መካሪ አጥቼ ተሳሳትኩ እላለሁ። እናቴ ግን «መካሪማ ነበረሽ፤ ጆሮ ነው ያጣሽው» ትላለች።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስተዋውቃችሁ። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ ግን የሰፈራችን ጡሩንባ ነፊ ነኝ። አትሳቁ። ከጉርድ ሾላ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን ሰው ሲያርፍ በማለዳ በየበሩ እየዞሩ ጡሩንባ የሚነፉት ጋሽ ተክሌ ነበሩ። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው እድሩ ተጨነቀ። እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ቦሌ ኮምፒውተር ተምሬ የተማርኩትን የማራግፍበት ቦታ አጥቼ እቁነጠነጣለሁ። ተገናኘን። አንድ ፕሮግራም ሠራሁላቸው፦ የአባላቱ ስምና ስልክ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰው ሲያርፍ መልእክቱን እጽፋለሁ፣ አንዴ እጫናለሁ፣ የሁሉም ስልክ ይጮኻል።

ጋሽ ተክሌ ሥራውን ሲያስረክቡኝ አጠገባቸው አስቀምጠው አንድ ነገር ነገሩኝ።

«ስሚ ልጄ። ጡሩንባ ሁሉም በር ላይ አይነፋም። ሰው ሞቶበት ገና ያልተረዳ ካለ፣ እሱ ቤት ልደርስ ሦስት በር ሲቀረኝ ጡሩንባዬን ብብቴ ሥር እከተዋለሁ። እንደ ማንም መንገደኛ ‹እንደምን አደራችሁ› ብዬ አልፋለሁ። መርዶ የሽማግሌ ሥራ ነው። የጡሩንባ አይደለም።»

ገባኝ። መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩና ስሙን «ይቆይ» አልኩት። ገና ያልተረዳ ሰው ስም ትይዩ «ይቆይ፦ አዎ» ብዬ ምልክት ካደረግኩ መልእክቱ እሱን ዘሎ ያልፋል። ለጋሽ ተክሌ ባሳያቸው ስክሪኑን ትክ ብለው አዩትና «ጎሽ! ብብት ሠራሽለት» አሉኝ። የዚያን ቀን መሬት አልረገጥኩም።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ዓምዱን የጨመርኩት በችኮላ፣ መዝገቡ ላይ ብቻ ነው። ፕሮግራሜ አናት ላይ የዓምዶች ሁሉ ስም የሚዘረዘርበት ቦታ አለ፤ እዚያ አልጻፍኩትም። ሳልጽፈውም ይሠራል። የሚሠራ ነገር ማን ይነካል?

እኔ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፕሮግራሜና በመዝገቡ መካከል አንድ ተላላኪ አለ። እኔ አልሠራሁትም፤ ሌሎች ጽፈው ለዓለም ያስቀመጡት ላይብረሪ ነው። «እንዲህ እንዲህ ያሉትን ሰዎች አምጣልኝ» እለዋለሁ፤ ሮጦ መዝገቡን ከፍቶ ያመጣልኛል። የኔው ተላላኪ አምስተኛው እትም ነበር፤ ዓለም ሰባተኛው ላይ ደርሷል። ፕሮግራሙን በከፈትኩ ቁጥር በቀይ ቀለም «የያዝሽው አርጅቷል፤ ከእንግዲህ አንጠግነውም» ይለኛል። ቀይ ጽሑፍ ደግሞ አልወድም፤ የሒሳብ ደብተሬን ያስታውሰኛል።

ያስተማረን መምህር «የእትሙ ትልቁ ቁጥር ሲቀየር የለውጡን ማስታወሻ ሳታነቡ እንዳትሻገሩ» ብሎን ነበር። ማስታወሻውን ከፈትኩት። ርዝመቱን አየሁ። ዘጋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ቦሌ አንድ ካፌ ገባሁ፤ ዋይፋዩ ከቤታችን ይሻላል። አንድ ማኪያቶ አዘዝኩና ተላላኪውን ቀየርኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያውቅ ቤት ቀይሮ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አልጋው ገባ ሲሉ በሩ አይዘጋም፣ በሩ ተዘጋ ሲሉ ቁልፉ ውስጥ ይቀራል።

አዲሱ ተላላኪ መጀመሪያ ከነጭራሹ አልነሳም አለ። የቆመበት ሌላ ፕሮግራምም አርጅቷልና እሱም ይቀየር አለ። ቀየርኩ። ቀጥሎ የመዝገቡን አድራሻ አሮጌ አጻጻፍ አላውቅም አለ። አስተካከልኩ። ከዚያ የባሰው መጣ። አሮጌው ተላላኪ ልኬው ሲመለስ ራሱ ይጠራኝ ነበር፤ አዲሱ መጥራት ትቷል፤ ቃል ሰጥቶኝ ይሄዳል፣ ቆሜ መጠበቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። ይህን ስላላወቅኩ የአባላቱ ስም መዘርዘር ባለበት ቦታ አንድ መስመር ብቻ ብቅ አለ፦ «ቃል ተገብቷል፤ በመጠባበቅ ላይ።» መልሱ ከኮምፒውተር ይምጣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ለጊዜው ተምታታብኝ።

«ሌላ ምን ልታዘዝ?» አለችኝ አስተናጋጇ።

«ለጊዜው ይበቃኛል።»

«ለጊዜውማ ሁለት ሰዓት ሞላው እኮ፣ ቆንጆ።»

ውኃ አዘዝኩ። አንድ በአንድ አስተካከልኩ። ሲመስለኝ ሁሉም ተስተካከለ፤ ልሞክረው ብዬ ወደ እናቴ ስልክ ብቻ አንድ መልእክት ላኩ። ሰው እንዳይደነግጥ በጥንቃቄ «ይህ ሙከራ ነው። ማንም አልሞተም።» ብዬ ጻፍኩ። ተላላኪው ዐሥራ አንድ ጊዜ አደረሰው። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«ማነው የሞተው?!»

«ማንም አልሞተም እማዬ፤ ጽፌዋለሁ እኮ።»

«ማንም ካልሞተ ዐሥራ አንድ ጊዜ ምን ያስምልሻል?!»

እሱንም አስተካከልኩ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ስክሪኑ ጸጥ አለ። ወንበሬ ላይ ተለጥጬ የቀዘቀዘ ማኪያቶዬን እንደ አሸናፊ ጨረስኩ። እስከዚያ ድረስ የመጣብኝ ስህተት ሁሉ ጮኾ ነበር የመጣው፤ ስለዚህ ጩኸቱ ሲያልቅ ስህተቱም ያለቀ መሰለኝ።

ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ጋሽ መኮንን ደወሉ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ካለ ነገር አለ ማለት ነው።

«ልጄ፣ የዘሀራ ወንድም አረፈ።»

«የቱ ወንድማቸው?»

«ስንት አላትና። ሰይድ ነዋ።»

እትዬ ዘሀራን የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። የወሎ ሰው ናቸው፤ ላምበረት አውቶቡስ ተራ በር ላይ ሻንጣና ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ሰይድን ግን እናታቸው ሲሞቱ ከጡት ተቀብለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አሁን የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በየሳምንቱ ሰኞ ከኮምቦልቻ ተሳፋሪ ጭኖ ላምበረት ይገባል፤ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት «እታለም!» ብሎ ሲጣራ አውቶቡስ ተራው ይሰማል። ነበር ማለት አለብኝ።

«ሌሊት ሕመም ድንገት ተነሣበት፣ አላደረም» አሉ ጋሽ መኮንን። «ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እዚያው ይቀብሩታል፤ በመኪና ብትነሣም አትደርስበትም። ደም ግፊቷን ታውቂያለሽ። ታናሽ እህቷ ከአዳማ ማታ ትገባለች፤ ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ከሼሁ ጋር ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ ወንድሟ አለ ብላ ትደር። አባላቱ ነገ ማለዳ በሯ ላይ እንዲገኙ አሳውቂልን። እሷን ግን…»

«አውቃለሁ ጋሼ። ይቆይ።»

የእትዬ ዘሀራን ስም ፈልጌ ትይዩው «አዎ» አልኩ። መልእክቱንም ቃል መርጬ ጻፍኩት፦ «የእድራችን አባል የወይዘሮ ዘሀራ ወንድም አቶ ሰይድ ስላረፉ፣ ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ በቤታቸው በር ላይ እንድትገኙ።» እውነት ለመናገር አጻጻፌን ወደድኩት። ሁለቴ አነበብኩትና ተጫንኩ።

ስክሪኑ መለሰልኝ፦ «ለሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሰዎች ተልኳል።»

ደስ አለኝ። ከዚያ ቁጥሩን እንደገና አየሁት። የእድራችን አባላት ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ናቸው። ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ነበር መሆን ያለበት።

ያንን የዘጋሁትን ማስታወሻ ከፈትኩ። መሐሉ ላይ አንዲት አጭር መስመር ተቀምጣለች፤ በቀይ እንኳ አልተጻፈችም። አዲሱ ተላላኪ በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ዓምድ ሲጠየቅ ያንን ጥያቄ ዝም ብሎ ይተወዋል ትላለች። ዝም ብሎ! አሮጌው ስሙን ባያውቀውም ሄዶ መዝገቡን ይጠይቅልኝ ነበር። አዲሱን «ይቆይ ያልተባሉትን አምጣ» ብዬ ብልከው «ይቆይ» የሚባል አያውቅም፤ አላውቅም ማለትም አፍሮ ሰውን ሁሉ ሰብስቦ መጣ።

አንዴ የወጣ መልእክት አይመለስም። ልደውልላቸው አሰብኩ፤ ደውዬስ ምን እላለሁ? «እትዬ፣ ስልክዎን እንዳያዩ» ብል የሚያዩት ያኔ ነው። አንድ ተስፋ ግን ነበረኝ። እትዬ ዘሀራ ቁጥር እንጂ ፊደል እምብዛም አይሄድላቸውም፤ መልእክት ሲመጣ ስልኩን አጠገባቸው ለተገኘ ሰው ሰጥተው ነው የሚያስነብቡት። አጠገባቸው ሰው ከመገኘቱ በፊት መድረስ ነበረብኝ። አውቶቡስ ተራ በር ላይ!

ላፕቶፔን ሳልዘጋው አቅፌ ወጣሁ። የመገናኛ ታክሲ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል፤ ሦስት ባዶ ወንበር እየታየኝ። አንድ ገባ፤ «አንድ ሰው የቀረው!» ሌላ ገባ፤ «አንድ ሰው የቀረው!» የኔ ሒሳብ ብቻ አይደለም ደካማ ማለት ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ላፕቶፔን ሳልዘጋ እንዳቀፍኩት አዩና «ምን ሆነሽ ነው የኔ እናት?» አሉኝ።

«መልእክት አምልጦኝ ነው።»

«ለወንድ?»

«ኧረ ለትልቅ ሰው ነው!»

«እሱ ነው የባሰው» አሉና መስኮቱን ከፈቱልኝ።

መገናኛ ወርጄ የላምበረት ታክሲ ያዝኩ። ላምበረት ወርጄ ሮጥኩ። ያ ላፕቶፕ ሲቀመጥ እንጂ ሲሮጡበት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሩቅ የእትዬ ዘሀራ ድምፅ ተሰማኝ፤ ከአንድ ረጅም ሰውዬ ጋር በሻንጣ ይከራከራሉ።

«ዚፑ ዕድሜ ልክ ነው እያልኩህ!»

«የማን ዕድሜ ልክ፣ እትዬ?»

«ያንተ! ምነው፣ አጭር ነው እንዴ?»

ሰውዬው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። እፎይ አልኩ፤ አልሰሙም። ያኔ ነው እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ጉያቸው ከተው ስልካቸውን አውጥተው «እስቲ መቼም ተግባብተናል፤ ይህችን አንብብልኝ፤ ቅድም ጮኻ ነበር» ብለው ለሰውዬው የዘረጉለት።

«እኔ ላንብብ!»

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ስልኩን ከሰውዬው እጅ መነተፍኩት። ሰውዬው «ምን ሆናለች ይቺ?» ብሎ አንዴ እኔን አንዴ ሻንጣውን አየ።

«የሰፈሬ ልጅ ናት» አሉት። «አንብቢዋ እንግዲህ፣ ይህን ያህል ከጓጓሽ።»

ስክሪኑ ላይ የራሴ ዐረፍተ ነገር ተቀምጧል። በቃል ምርጫው የኮራሁበት። «ውድ ደንበኛችን» ብዬ ጀመርኩ። «ውድ ደንበኛችን፣ ለዚህ… ለዚህ ሳምንት ብቻ የቀረበ ልዩ ጥቅል ነው። እስከ እሑድ ድረስ ከገዙ… ማታ ማታ በነፃ ይደውላሉ። ለሚወዱት ሰው። አብረውን ስለሆኑ እናመሰግናለን።»

እትዬ ዘሀራ ፊቴን አዩ። ረዘም አድርገው አዩኝ።

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው እትዬ።»

«እሺ።» ወደ ሰውዬው ዞሩና «ውሰደው፣ ባልከው ይሁንልህ» አሉት። ሰውዬው ደንግጦ ከፍሎ ሄደ። ከዚያ አንድ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አጠገባቸው ስበው «ቁጭ በይ» አሉኝ። «ስልኩ እጅሽ ላይ እያለ ለሰይድ ጻፊልኝ። ከጠዋት ጀምሬ ብደውል አያነሣም።»

ከጻፍኩት ነገር ሁሉ ያንን ያህል የከበደኝ የለም። እምቢ ልል አልችልም፤ እምቢ ማለት መንገር ነው።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«‹አንተ ዋልጌ› በይና ጀምሪ።»

ጻፍኩ።

«‹ስልክ የማታነሣው ሹመት አገኘህ ወይ?› በይው። ‹ያን ጃኬት ልበስ፤ የሰጠሁህን። ላምበረት ብርዱ አጥንት ይገባል።› ጻፍሽ? ‹ጥርስህን ታከም። በአንድ ጎንህ እያኘክ ፊትህ ተጣመመ።›»

«ተጣመመ… ጽፌያለሁ።»

«‹ባለፈው ሰኞ በተሳፋሪ ፊት የተቆጣሁህን…›» መንገድ ማዶ አንድ አውቶቡስ ሰው እያወረደ ነበር፤ እሱን አዩ። «‹…አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። እኔም አውፍ ብዬሃለሁ። እህትህ።› በቃ። ላኪው።»

ላኪው አሉኝ። አውራ ጣቴ እምቢ አለችኝ። ላኩት።

ቀጥሎ ሌላ ሰው እንዳያነብላቸው የመርዶውን መልእክት ደብቄ አጠፋሁት። ግን ገና ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ሰው ያውቃል፤ አንዱ ደውሎ «አላህ ያጽናሽ» ቢላቸውስ? «እትዬ፣ ይህ ስልክ ተበላሽቷል፤ እስከ ነገ ወስጄ ላስተካክለው?» አልኳቸው። እትዬ ዘሀራ ለማንም ስልክ የሚያውሱ ሰው አይደሉም። «ውሰጂው» አሉኝ። ብርድ ልብሶቻቸውንም ማጣጠፍ ጀመሩ። «ዛሬ ቀደም ብዬ ልግባ። ደከመኝ።»

ዕቃቸውን ይዤ ቤታቸው አደረስኳቸው። ከዚያ በቀጥታ ጋሽ ተክሌ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ተናገርኩ። እየጮኸ የመጣውን ስህተት፣ ዝም ብሎ የመጣውንም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጉልበታቸውን እያሹ ቆዩ።

«እኔም አንድ ጊዜ ነፍቻለሁ» አሉ። «የተረዳች መስሎኝ። ልጇ ነበር። በሩን ከፍታ ‹ማን ሞተ፣ ተክሌ?› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት በዚያ በር አላለፍኩም፤ ዞሬ ነበር የምሄደው።»

እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ከእናቴ ጋር ከኋላ ቆምኩ። ሼሁ በሩን ገና ሳያንኳኩ ተከፈተ። እትዬ ዘሀራ ለብሰው ቆመዋል። ግቢው ተጠርጓል፤ ሰሌን ጥግ እስከ ጥግ ተነጥፏል፤ የመታጠቢያ ውኃ በጀሪካን ተደርድሯል። ታናሽ እህታቸው ዓይኗ አብጦ በሩ ሥር ቁጭ ብላለች። ጋሽ መኮንን ዞረው አዩኝ። መሬቱን አየሁ።

ሼሁ እንደ ደንቡ ከሩቅ ጀመሩ፦ ሰው የአላህ ነው፣ ሁላችንም ተመላሾች ነን። እትዬ ዘሀራ አላቋረጧቸውም። እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ቆመው ሰሙ። የሰይድ ስም ሲጠራ ግን እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። «እታለም በለኝ!» ነበር የሚሉት። «አንድ ጊዜ እታለም በለኝ!» እናቴ እጄን ያዘችኝ። ዐሥራ አንድ ጊዜ የላክሁባትን ነገር አንሥታብኝ አታውቅም፤ ያን ቀንም አላነሣችም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ውኃ ሳዞር እትዬ ዘሀራ በእጃቸው ጠሩኝ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«ማሽንሽ ዳነ?»

«ዳነ እትዬ። ያልጻፍኩትን ዓምድ ጻፍኩ። ደግሞም የማያውቀው ነገር ሲጠየቅ ዝም እንዳይል አድርጌዋለሁ፤ ይጮኻል።» ከዚያ አፌ ሳላስበው «ያወቁት መቼ ነው?» አለ።

«ውድ ደንበኛችን ስትይ።» ድምፃቸው ከለቅሶ ብዛት ሄዷል፤ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። «ስንት ማስታወቂያ አስነብቤያለሁ። እያለቀሰ የሚያነብልኝ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።»

ላብ መስሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፤ ያን ቀን ፊቴ ላይ የወረደውን ሁሉ ላብ መስሎኝ ነበር።

«ለምን ዝም አሉ ታዲያ?»

«ሞተ ያለኝ ማን አለ?» አሉ። «እነሱ ለነገ ቀጥረውታል። አንቺም አልነገርሽኝም። ታዲያ ለምን እኔ ልቸኩል? ገብቼ ጋደም አልኩና ስሰድበው አመሸሁ። ስለ ጥርሱ። ስለዚያች ጃኬት።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ «የጻፍሽለትስ ሄዷል?» አሉኝ።

«ሄዷል እትዬ።»

«አይተሻል ሲሄድ?»

«አይቻለሁ። ‹ደርሷል› ብሏል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በር ላይ ከኮምቦልቻ የመጡ ሰዎች ጫማቸውን እያወለቁ ነበር።

«በይ ተነሺ» አሉኝ፤ «መንገደኞች ናቸው፣ ውኃ ስጫቸው።»